ግራ ገባኝ

ሳሙና በር አጠገብ፣ ፎቶ ኮፒው ቤት፣
ውባለም ትተይባለች፣ እኔ አነብላት፤
መብራት ሲሄድ ቆመን፣ ሲመጣ ቀጥለን፣
ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ግራ እጅ ጣለን።

መጽሐፉ የእስፓኝ ነው፤ መንደሩ ባሕር ዳር
(ጣና ዳር አይደለም፣ ጨው ያለበት ባሕር)፤
እዚያ በአባቱ ስም የሚጠራ የለም፣
ካህኑም ቅጽል አለው፣ ድመቷም አትቀርም።
ጀልባ ጠራቢው "ሱርዶ" ነው፤ ትርጉሙ ግራኝ።
እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ግራ የገባኝ።

"ግራኝ ልበለው?" አልኋት። እጇን አነሣች፤
"ጋሼ፣ እዚህ? ጎንደር ላይ?" ብላ ዝም አለች።
እውነቷን ነው። ይህ ቃል ብቻውን አይመጣም፤
አምስት መቶ ዓመቱን ደጅ ትቶ አይገባም።
ያ ምስኪን ሽማግሌ መሮውን አዝሎ
ገጹ ላይ ይወጣል ጦር አስከትሎ፤
አንባቢው ዓሣውን፣ መረቡን ገልጦ
ጭስ ይፈልጋል፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ።

ዓሣ ሻጯ ደግሞ "ጎርዲታ" ናት፣ ወፍራም፤
እነሱ ጋ ቁልምጫ ነው፣ ማንም አይቀየም።
"ወፍራሟ" ብዬ ባነብ ውባለም ሳቀች፤
"እኔን እንዲህ ቢሉኝ በነጋው የለሁም" አለች።
"ድንቡሼ" ላይ ተስማማን። ያቺስ ቀለለች።

ኩባ ነው የተማርሁት፣ በልጅነቴ፣
ብርቱካን እርሻ መሀል ነበር ትምህርት ቤቴ።
"ፍላኮ" ይሉኝ ነበር፤ ቀጫጫ ማለት ነው፤
ግን የወጥ ቤቷ ሴት ሰልፍ መሀል ስትጠራው
አንድ ጭልፋ ሩዝ ነበር ከቃሉ ጋር የሚመጣ።
"ቀጫጫ" ብዬ ስጽፈው ሩዙ ከየት ይምጣ?

አገሬ ስገባም ስሜን ማን ጠየቀ፤
"ኩባ" አለኝ ሰፈሩ፣ ነገሩም አለቀ።
ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ደሴት በጠዋት
ቀሃን ተሻግሮ ዳቦ ይገዛል፣ "እንዴት አደርህ?" እያሉት።

ሦስት ቀን ሱርዶን ይዤ ከተማ ዞርሁበት።
"ግራ እጁ" አካል ነው፣ ሰው የለበት።
"ግራዋ" ቅጠል ነው። "ግራ ዘመም" አይነካም፤
በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያንን ቃል አያነሣም።
ፒያሳ ልብስ ሰፊው በግራው ሲቀድ ሳለ
"አንተን ምን ይሉሃል?" ስለው "'ነገ ና' ነዋ!" አለ፤
እውነቱን ነው፣ ሱሪዬ እሱ ጋ ሦስት ሳምንት ዋለ።

ቅዳሜ ሲመሽ ግን፣ ማራኪ ሜዳ ላይ፣
የካልሲ ኳስ ስትንከባለል ሳይ፣
"ለግሬ! ለግሬ ስጠው!" አንዱ ጉሮሮውን ከፈተ፤
ግሬ ተቀበለ፣ በግራው ለጋ፣ ሳተ።
ማንም አልሰደበው።

ግሬ።
ሁለት ፊደል፤ ፈረስ የለው፣ ጋሻ የለው፣
አቧራ የለበሰ ጉልበት ብቻ ነው ያለው።

ሰኞ ውባለም ጻፈችው፤ ጠራቢው ሥራ ጀመረ።
አሥራ አራት ላይ ስንደርስ
አንድ ወጣት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤
የሐዘን ማስታወቂያ፣ ሃምሳ ቅጂ።
"አቶ አስማማው ተገኘ" አለ። ማን እንደሆነ አላወቅንም።
"በቅንፍ 'ነገ ና' በይበት፣ አለዚያ ሰው አይመጣም።"

ጻፈችው። የሚቀጥለው መስመር
"ነገ፣ ስድስት ሰዓት፣ ቀሃ ኢየሱስ" የሚል ነበር።
ሁለት ነገ፣ አንዱ በላይ አንዱ በታች፤
ውባለም ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች።

ይህን ወደ እስፓኝ የሚመልስ አንድ ቀን ቢገኝ፣
ያ ሰው ከአሁኑ አሳዘነኝ።

ሃያውን ቅጂ ወስጄ
ከፒያሳ እስከ አውቶ ፓርኮ ምሰሶ ላይ ለጠፍሁ።
ሱቁ ተዘግቷል።
ሱሪዬን አልጠየቅሁም።