አንድ ገመድ

ጎርፉ ጎደለና ከኮታያም ሰፈር፣
አለያማ ከፈተች የመጻሕፍቱን በር።
ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ሽታው እንደ ዓሣ፤
ማድረቂያው አንድ ገመድ፤ የመምረጥ አበሳ፣
ደመናው ከባሕር ዳግመኛ ሳይነሣ።

ያ ባለ ወርቅ ገጹ፣ «ትከብራለህ» ባዩ፣
ከነላስቲኩ ነው፤ አልረጠበም ላዩ።
«ደኅና ነህ አንተማ» ብላ አለፈችው፤
ያበጠውን እንጂ እርሱን መች ሻተችው።

እነሆ ልብ ወለድ፣ ቄሱ እምነት ያጣበት፣
እስከ ማብቂያው ድረስ መልስ የማይመጣበት፤
ቫርኪ ጀልባ ሠሪው፣ ልጁ የሞተበት፣
ሦስቴ የተዋሰው፣ ሙጫ የነካበት።
ሰቀለችው።

ይኸኛው እውነት ነው፤ የአንዲት ነርስ ማስታወሻ፤
ተአምር አልጻፈችም፤ ቁስል፣ ውሃ፣ ፋሻ፣
እንዲሁ ነው ገጹ እስከ መጨረሻ።
በኅዳጉ በእርሳስ ስሙን ሳይጽፍ አንድ ሰው
«እኔም» ብሎ ጽፏል፤ ጎርፉ አላበሰው።

ገመዱ ረገበ፤ ቦታም አይበቃም፤
የአባቷ ስብከት ቀረ፤ «አባዬ፣ አልዋሽም፣
ሁሌ ያስተኛኛል።»

«የተረፈስ አለ?» ቢላት ወጣቱ ቄስ፣
ወርቃማውን ሰጥታው ዞረች ሌላ ልታብስ።