ሥራ የፈታ ግንበኛ

ቻርልስተን ናት ከተማዬ፣ ባሕር ጥግ የተቀመጠች፣
ግማሽ ታሪኳን ለእንግዳ ሸጣ ግማሹን የደበቀች።
እኔ ግንበኛ ነኝ፤ አባቴም ግንበኛ፣
ጣታችንን ኖራ የበላው፣ የጡብ ጓደኛ።

በሰኔ መጀመሪያ ወይዘሮ ዩጂኒያ ጠሩኝ፣
«የጭስ ማውጫዬ ዘመመ፤ ሳይወድቅ ቶሎ አቅናልኝ።»
መሰላል አቆምኩ፤ ቱምቢዬን ጣልኩና
ካዙላዬን ይዤ ወጣሁ ወደ ደመና።
አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ ብመለከት
ጥላሸቱ ላይ በምራቅ የተጣበቀ ጎጆ አየሁት፣
አራት ጫጩት፣ አራት አፍ፤ ወንጭፊት ናቸው፣ ወንጭፊት።

ሎኒ፣ ረዳቴ፣ ከታች ሆኖ ስልኩን ነካካና ሳቀ፦
«አለቃ፣ ሕግ አለ! ጫጩት ሳይበር ጎጆውን የነካ ወደቀ።»
ወይዘሮዋ ጦፉ፦ «በገዛ ቤቴ ወፍ አዘዘበት!»
ምን ይደረግ። መሰላሌን አጥፌ ሄድኩ፤ ሥራ ፈታሁበት።

ስድሳ ዓመት ኖሬባታለሁ፣ ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ፤
ከጣሪያ በላይ ማን እንዳለ እኔ ምን ብዬ አውቃለሁ?

ማክሰኞ ጠዋት ከኦክ ዛፍ ሥር ጥቁር መኪና ቆሞ ነበር፣
በኖራ የተለቀለቀ ከመስተዋቱ እስከ በር።
«የማን እጅ ነው?» ብዬ ቀና ስል፣ ከዛፉ ሽበት መሐል
ቢጫ አናት የሳቢሳ ቤተሰብ በሰልፍ ተኮልኩሏል።
አንደኛው ቁልቁል አየኝና የሸርጣን እግር ጣለልኝ፤
እንደ ጉርሻ ቆጥሬው «እግዜር ይስጥህ» አልኩ፣ ሳቅ ይዞኝ።

ሐሙስ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣
ባሕሩ በቦዩ ሽቅብ መጣና መንገድ ላይ ዋለ።
ኦክታቪያ፣ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪዋ፣
ቦቲ ተጫምታ ቅጣት ትጽፋለች፤ ዓሣ ያልፋል በእግሯ ሥር፣ በጫማዋ።
«ለእነዚህስ ስንት ነው?» አልኳት።
«እነሱ ነባር ናቸው» አለች፣
«ካልተፈቀደ ቦታ የቆምነው እኛ ነን» ብላ መጻፏን ቀጠለች።

ቅዳሜ ማታ በመቃብሩ አጥር፣ ፋኖስ የያዘ አስጎብኚ
መንፈስ ሲተርክ ለቱሪስት፣ «ያቺ ሙሽራ፣ ሟቿ፣ አልቃሿ፣ ለማኚ…»
ጉጉት ከላይ «ሁ!» ስትል ሃያ ሰው እርስ በርሱ ተያያዘ፤
አስጎብኚውም ፋኖሱን ጥሎ ሸሸ፤ ጫማውን በእጁ ያዘ።

አባቴ ያለኝ ትዝ አለኝ፣ ከአባቱ የሰማው ነገር፦
በሥጋ ገበያው ጥንብ አንሳ እንደ ሹም ይዞር ነበር፣
ከሻጮቹ እግር ሥር ቅንጥብጣቢ እየለቀመ፤
ወፉን የመታ ይቀጣል፣ አዋጁ እንደዚያ ታተመ።
ጥቂት ጎዳና አልፎ ደግሞ
ሰው ይቸረቸራል ቆሞ።
የቅድመ አያቴን ጥርስ ቆጥረው ሲጫረቱ
እሷን የሚጠብቅ ቃል አልነበረም በወረቀቱ።
አባቴ ይህን ሲያወራ አይቆጣም፤ ኖራውን ያማስላል፣
«ወፉ ምን አጠፋ?» ይላል።

በአምስተኛው ሳምንት ዩጂኒያ ደውለው «ቶሎ ና፣ ቶሎ» አሉኝ፤
ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ወንበር፤ አንዱን ወደ እኔ ገፉልኝ።
ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጭስ ማውጫው እንደ ጭስ እየተነኑ
አራቱም ወጡ፤ ከጎረቤት ጣሪያ መንጋ ጋር ተቀላቅለው በነኑ።
«ሠላሳ… አይ፣ ሠላሳ አንድ» ይላሉ፤ ይቆጥራሉ፣ ይሳሳታሉ፣
«እንደገና» ይላሉ።

ጎጆው ባዶ ሲሆን ወጥቼ የላላውን ጡብ ሳወርድ አንዱ ከበደኝ፤
ሦስት የጣት ጎድጓዳ አለው፤ ትንሿን ጣቴን ብሞክር ጠበበኝ።
ጭቃ ሳለ ያነሳው ልጅ፣ ስሙ የትም ያልተጻፈ፣
ፀሐይ ላይ ሊያሰጣው ሲሮጥ ጣቱን ትቶበት ያለፈ።
አባቴ ቢሆን መንገደኛ እንዲያየው ወደ ውጭ ያዞረው ነበር።
እኔ ወደ ውስጥ አዞርኩት፣ ወደ ጥላሸቱ፣ ወደ ጨለማው በር፤
ለከርሞ ወንጭፊት ስትመጣ
ጥፍሯን የምትሰካበት አታጣ።

ሎኒ ከታች «ቱምቢው ልክ ነው?» ይላል።
«ትንሽ ዘሟል» አልኩት፤ «ይሁን፣ ይቆማል።»