የጨው መጠቅለያ

መርሳ፥ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፥
ይመር ሙሄ ጨውን በተረት ጠቅልሎ
ይሸጥልን ነበር፤
ሚዛኑ ስር ካለው አሮጌ መጽሐፍ
ከመሃልም ከዳርም እንዳገኘ ገንጥሎ።

እናቴ «ጨው አልቋል» ስትል
ቃሏን ሳትጨርስ ደጅ ነኝ።
ጨዉን ቅሉ ውስጥ ገልብጬ፥
የረጠበውን ገጽ በጉልበቴ አሽቼ
ለእህቴ ለዘምዘም አነብላታለሁ።

ገጽ ዐሥራ ሁለት፦ ጅብ ዳኛ ሆኖ ተሾመ።
በሳምንቱ ገጽ ዘጠኝ መጣ፦ ገና አልተሾመም፤
አህያ ደጅ ቆማ ምስክር ትለምናለች።
ከዚያ ጦጢት...
ከዚያማ የለም።

«መጨረሻውን ጦይባ ወሰደችው፥ ምስር ገዝታ፤
አብሽር» አለኝ ይመር፥ «ጅብ መቼም ጅብ ነው፥ በልቷታል።»

እነ ጦይባ ቤት ስደርስ
እሳት አያይዘውበታል።

ማታ ዘምዘም፦ «እሺ፥ አህያዋስ?»
ባዶ ወረቀት ወደ ኩራዙ አስጠግቼ
«ተፈረደላት» አልኩ፤ «ጅቡም አፈረና
እስከ ቤቷ ሸኛት።»
ዋሸሁ። አመነች።

ትናንት ልጇን ስታስተኛ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ፦
«...ጅቡም አፈረና እስከ ቤቷ ሸኛት።»
«ማን አለ?» አላት።
«ተጽፏል» አለችው፥
ጣቷን ላስ አድርጋ
ገጽ የምትገልጥ ይመስል።