ለአይጥ በር መሥራት

የዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ነኝ፣ በታርቱ ከተማ፤
መስኮቴ ከመንገድ እኩል ነው፤ ሰው የማውቀው በጫማ።
ሠላሳ ዓመት ብረት ሞርጃለሁ፣ ብሎን አጥብቄያለሁ፤
ለመርከብ ሠርቻለሁ፤ ለሆስፒታል አልጋ ሠርቻለሁ፤
አሁን ግን፣ በስተርጅና፣ ለአይጥ በር እሠራለሁ።

ሌሎ ወረቀት ይዛ ወረደች፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ፤
«ካልዩ፣ ሳጥን ፈልጌ ነው፤ ብርሃን የማያስገባ፣ ድምፅ የማያስወጣ፤
ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ፣ መሀሉ ላይ አንድ በር፤
ትናንት ያየችውን ዛሬ ታስታውስ እንደሆን ለመመርመር።»
«ቀዳዳው ስንት ይስፋ?» ብላት፣ ሳቀች፤
«እኔ የማውቀው አእምሮዋን ነው፤ አፍንጫዋን ለካልኝ» አለች።

ለካሁ። በካሊፐር፣ ጓንት ባጠለቀ እጄ፣
ሃያ አራት ግራም ሕይወት ይዤ፤
ልቧ ከአውራ ጣቴ ስር እንደ ስፌት መኪና ሲሮጥ
«አሥራ ሁለት ሚሊሜትር» ብዬ ጻፍኩ፣ እርሳሴ ሲንቀጠቀጥ።

ወለሉ ይነሳል፣ ይታጠባል፤ ያለፈችው አይጥ ሽንት
ለምትመጣው ወሬ እንዳይነግር፣ እንዳይሆናት ደብዳቤ፣ እንዳይሆናት ቤት።
ብሎኑን ሁሉ ከውጭ አደረግሁ፤ ውስጡ ልሙጥ ነው እንደ እንቁላል፤
አይጥ ጥርስ አላት፣ ጊዜም አላት፤ ጠርዝ ያለው ነገር ሁሉ ይበላል።
በሩን በትንሽ ሞተር ሰቀልኩት፤ ጆሮዬን ለጠፍኩበት፤
ዝም። እንደ ኤማዮጊ ወንዝ በጥር፣ በረዶ ሲጫንበት።
ኮራሁ።

ሁለት የበረዶ ወራት አለፉ።
ሌሎ እየከሳች ሄደች፤ መዝገቧ ግን መወፈሩን አላቆመም፤
አይጦቹ ሁሉ በሩ ፊት ይደርቃሉ፤ ግራ ቀኙን አንዷም አልመረጠችም።
«ይረሳሉ» አለች። ቆይታ «ይፈራሉ» አለች። ቆይታ ምንም አላለች፤
ከሥራ ጠረጴዛዬ ጥግ ተቀምጣ ጥቁር ዳቦዋን በላች።

አንድ ሌሊት ሳጥኑን ፈትቼ፣ ተጋደምኩ በሆዴ፤
ጉልበቴ ተቃወመኝ፤ ግን ሥራዬን ከሥሩ ማየት ነው ልማዴ።
አገጬን ከወለሉ አስተካክዬ፣ በአይጥ ቁመት በሩን አየሁት፤
የካቴድራል በር አክሎ አገኘሁት።
ግን የሚያስፈራው ግዝፈቱ አልነበረም።

ፎቅ ላይ የሌሊት ወፍ የሚያጠናው ቲየት መሣሪያ ነበረው፣
ሰው የማይሰማውን ድምፅ በስክሪን ላይ የሚሥለው።
ተዋስኩት። ሞተሩን አስነሳሁ። ጆሮዬ እንደ ወትሮው፣ ዝም።
ስክሪኑ ግን ነጭ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት አይቼ አላውቅም።
አርባ ሺህ ጊዜ በሰከንድ። ለእኛ ጸጥታ፣ ለእሷ መጋዝ፤
ሁለት ዓመት የለካነው ትዝታዋን ሳይሆን የእኔን መዘዝ።
አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ያለው ተረተኛ
እኔ በር ፊት አላያትም፣ ለገዛ ነፍሷ ስትሆን ዳኛ።

ጠዋት ለሌሎ ነገርኳት። አልጮኸችም። ቁጭ አለች።
«ስንት ናቸው?» አለች። «ምኖቹ?» «አይጦቹ» አለች።
መቶ አሥራ ስድስት። ቁጥሩን እሷም ታውቀው ነበር፤
በሌላ ሰው አፍ ልትሰማው ፈልጋ ነው እንጂ፣ ላትጠይቀኝ ነበር።

ሞተሩን ነቀልኩ። አሁን በሩን የሚያነሳው ሐር ክር ነው፤
ጫፉ ላይ የመረብ እርሳስ፣ ከልጄ ጀልባ የሰረቅኩት ነው።
በካልሲ፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ትንፋሼን ውጬ ቆሜ፣
ሌሎ ጣቷን ስታነሳ እስባለሁ፤ ስታወርድ እለቃለሁ፣ ደጋግሜ።

ትናንት አንዲቱ፣ መቶ አሥራ ሰባተኛዋ፣ ጢሟን አውጥታ
ጥቂት አሰበች (ማሰብ ይሁን አይሁን ሌሎ ትወቀው)፣
ከዚያ ወደ ግራ ሄደች።
ግራው ስህተት ነበር።
ሌሎ በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤
መሳሳት የምትችል አይጥ አገኘች።

እኔ ክሩን ይዤ ነበር፣
በሩ እንዳይወድቅባት።