ሁለት ጣት

ኩታበር ገበያ፣ ከሰዓት ሠሪው ደጅ፣
ሙሄ ጠረጴዛውን ጠረገልኝ በእጅ።
የቆሙ ሰዓቶች፣ የረገፉ ጥርሶች፣
እንደ ገብስ ጢም የቀጠኑ መፍቻዎች፣
ሁሉን ወዲያ ገፍቶ፣
የአባቴን ምንሽር በመሃል አጋድሞ፣
«ጎርሷል?» አለ። «ባዶ ነው» ብለው አየ ደግሞ።

«መነጽሩን ማን ገጠመው?» አለኝ ቀና ብሎ።
«አባቴ» አልሁት። ዝም አለ አንገቱን አዘንብሎ።
«ይማም አንገተ ሰጎን! እዚህ ሆኖ ማዶ የሚያይ!
አንተ ግን የእናትህ ልጅ፣ አገጭህ ደረትህ ላይ።»
ቅንድቤን ዳሰሰው፣ የጠባሳዬን ጫፍ፤
«ስትንጠራራለት ነው መነጽር የሚናደፍ።»

«ቡልኮህን ልበስ» አለኝ፤ በዚያ በቀትር ሙቀት!
«ገብስ ስትጠብቅ ራቁትህን ነህ ሌሊት?
አንድ ቡልኮ ውፍረት አንድ ጣት ያርቃል፤
ብርዱም አብሮ ይለካል።»
ለበስሁት። ሽንኩርት ሻጮቹ ተያዩ።

«አሁን ዓይንህን ጨፍን። ሰደፉን አስጠጋ።
ጉንጭህን ጣል፣ እንደ ትራስ፤ ረጋ በል፣ ረጋ።
ሰው ወደ ብረት አይሄድም፤ ብረት ወደ ሰው ይምጣ።
ግለጥ!»
ገለጥሁ።
ጨለማ። ዳሩ ላይ ቀጭን ጨረቃ፣ የዒድ ዋዜማ ጨረቃ፤
በእሷ ስንጥቅ ውስጥ ግማሽ ቁልቋል፣ የሌላ ሰው ማዶ።

ያ ጥላ ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤
ከአባቴ አንገት እስከ አንገቴ ያለው መንገድ ነው
ሁለት ክረምት ሙሉ ተኩሼ ያሳተኝ።

ሙሄ መፍቻ ሲያነሳ «ቆይ» አልሁት፣ «አንድ ጊዜ።»
አንገቴን መዝዤ፣ ጅማቴን ወጥሬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣
ላቡ ባጠቆረው፣ ወዙን በጠጣው ወይራ
ጉንጬን ከጉንጩ ሥፍራ
አኖርሁት።
ክቡ ሞላ። ገደሉ፣ ዋሻው፣ የጭላዳው መውረጃ፤
አባቴ ያይ የነበረው ሁሉ፣ ያለ መጋረጃ።
አንገቴ እስኪንቀጠቀጥ አየሁለት።
«በል ፍታው» አልሁት።

ሁለት ጣት ሳበው፣ ወደ እኔ።
ቆሜ፣ ተንበርክኬ፣ በደረቴ ተኝቼ፣
ከነቡልኮዬ ከሽንኩርቱ መሃል ተዘርግቼ፤
«ስትተኛ ፊት ይቀድማል፤ ስትቆም ይዘገያል፤
መሃሉን እንያዝለት፣ ሁሉም ይስማማል»
እያለ፣ የሰዓት ሰንሰለት ከዳሱ አንጠልጥሎ፣
መስቀለኛውን ክር ከሰንሰለቱ አስተካክሎ፣
አራቱን ብሎን አጠበቀ፣ በየተራ፣ በስሱ፣
የሚሞላው ሰዓት ይመስል።

አሮጌው ማሰሪያ የለቀቀው ብረት
ሁለት ነጭ መስመር ቀርቶበት፣
ቀለበት ያወለቀች ጣት ይመስላል።
«ቀለም ልቀባው?» አለኝ።
«ተወው።»

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ገብሱ ዳር ነኝ። ጭላዳው ገና አልወረደም።
አውራ ጣቴ ነጩ መስመር ላይ ናት።
ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጉንጬን እጥላለሁ።
እገልጣለሁ፤
ሙሉ።