የኋላ መኪና

ባዳየር ዳር፣ አስፋልቱ ባለቀበት ቦታ፣
ዓርብ ከቀትር ወዲያ፣ ሙቀቱ ሲረታ፣
ዐሥራ አራት መኪና ተሰልፈን ሳለ፣
ቀሚሱን ሰብስቦ ኸልፋን እንዲህ አለ፦
«ሠላሳ አምስት ይዞ አሸዋ አይገባም፤
ዐሥራ አምስት አድርሱ፤ ሌላ ወሬ የለም፤
አስተንፍሱ!»

ሲስ… አለ ቫልቩ። ሃምሳ ስድስት ጎማ
ባንድ ላይ ሲተነፍስ፣ ያኔ ነው የምሰማ
የራሴን ደረት ድምፅ፤ ሻርጃ ጋራዥ ውስጥ
ሳምንቱን ተነፍቶ፣ በኪራይ፣ በሒሳብ፣ በአለቃ ቁጣ ሲናጥ፣
አንዴም ያልተነፈሰ።

እኔ የኋላ ነኝ።
ክለቡ ሲጓዝ ኸልፋን ፊት ይመራል፣
የኔ አሮጌ ፓትሮል ጭራ ሆኖ ይቀራል፤
የተቀበረውን ጎትቼ ላወጣ፣
መንገድ የሳተውን ፈልጌ ላመጣ፣
አካፋ፣ ገመድና ሁለት ጀሪካን ውኃ
ጭኜ እከተላለሁ በሰፊው በረሃ፤
የሰው አቧራ ሁሉ እኔ ጋ ነው ማረፊያው።

ይህኛው የበዓል ነው። ማሪሴል ጂፕዋን
በመብራት ጠቅልላ፣ ከኮፈን እስከ ጣራዋን፤
ኸልፋንም ሙሉ በግ በሩዝ አሰናድቶ፣
«በዓላችሁ በዓሌ ነው» አለ፣ ሳቁን አብዝቶ።
ቢጁ ደግሞ ቀይ ለብሷል፤ የገና አባት ነው፤
ጢሙን ከፋርማሲ ጥጥ ለጥፎ ነው የሠራው።
ከመስመር ተነጥሎ፣ በጓሮ ዞሮ፣
ለሰፈሩ ልጆች ስጦታ ቋጥሮ፣
ከጉብታው ጫፍ ላይ ድንገት ሊወርድ ነበር፤
አሸዋ ለቀይ ካባ መች ያውቃል ማፈር።

ሬዲዮው ጮኸ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ
ስሜን ብቻ ጠራ፣ እኔን ብቻ ፈልጎ፦
«ሽመክት… ብቻህን ና። ልጆቹ እንዳይሰሙ።»

ሄድኩ። የገና አባት፣ ተገልብጦ ጢሙ፣
በሁለት እጁ ይጭራል እንደ ዶሮ፤
መኪናው እስከ ሆዱ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ።
ጎማውን ነካሁት፤ ድንጋይ ነው፣ ጠንካራ፤
ሠላሳ አምስት ይዞ በረሃ ደፈራ?
«ምነው፣ አልተነፈሰም?» ብዬ ጠየቅሁት።
ስለ ጎማው ነበር እኔስ ያልኩት።
እሱ ግን ስለ ራሱ መለሰልኝ፦
«ለሚስቴም አልተነፈስኩ። ሐሙስ ነው ያስወጡኝ።
ስልሳ ቀን ነው የቀረኝ።»
ዓረብኛው ስብርባሪ ነው፤
እኔ ግን በአማርኛ ሰማሁት።

ምን ይባላል? ቁጭ አልን።
አራቱን ቫልቭ ከፈትኩ።
ሲስ…
እሱ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣
የመኪናውን ዕዳ፣ የወንድሙን ሠርግ ሲያነሣ ሲጥል፣
መለኪያዬን እያየሁ ዝም ብዬ ሰማሁት፤
ሃያ ስምንት… ሃያ አንድ…
ዐሥራ አምስት ሲደርስ ዝም አለ። ጎተትኩት።

ጢሙን አስተካክሎ ወረደ ከጉብታ፤
ልጆቹ ፈነዱ በጩኸት በደስታ፤
አንዷ ብቻ፣ የራሱ፣ የአምስት ዓመቷ፣
«የአባቴን ጫማ አድርጓል» አለች ለእናቷ።

ማታ፣ በጉ አልቆ፣ ፍሙ ሲዳፈን፣
ኸልፋን ሻይ ቀዳልኝ፦ «ያንተስ ዛሬ ይሆን?»
«ገና ነው» አልኩት፣ ሳላስበው በራሴ ቋንቋ።
«ምን ማለት ነው?»
«ሁለት ነገር» አልኩት። «ዐሥራ ሦስት ቀን ይቀራል።»
ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው መሰለ፤
ሌላ ስኳር ጨመረልኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ አስፋልቱ ሲጀምር፣
ኮምፕሬሰሩ ሁሉ እንደ ንብ ሲዘምር፣
ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት፤ ሁሉም ነፋ፣ ሁሉም ሄደ።
ዐሥራ ሁለት ቆጠርኩ። አንዱ ግን አልነጎደ።
ቢጁ ከኋላዬ ቆሟል፤ ሚስቱ ጋቢና ውስጥ
ያን ጥጥ ትፈትላለች በጣቷ፣ ፊቷ ሳይለወጥ።
ነግሯት ይሆን? እንጃ።

ተንበርክኮ ከጎማዬ አጠገብ
ቱቦውን ሰካና፣ «ስንት ላድርግልህ?» አለ።
ሰኞን አሰብኩ። ጋራዡን አሰብኩ።
«ሠላሳ ይበቃል» አልኩት፤ «ትንሽ ተውለት።»