ተ.

ይመር አበጋዝ አረፉ። ሦስት ጁምዓ ሳይሞላቸው
የእድሩን መዝገብ ሰጡኝ፣ ከነቁልፍ ከነሣጥናቸው።
«አንተ ያዘው» አሉኝ፣ «የእጅህ ጽሕፈት ያምራል»፤
መጻፉስ ባልከፋ፣ የሰው ጽሕፈት ማንበብ ግን ያደክማል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ በአንድ እጅ የተጻፈ፣
መሐሉ ሻይ የጠጣ፣ ጠርዙን አይጥ የዘረፈ፤
የደሴ ሰኞ ገበያ፣ እስላም ክርስቲያኑ፣
ሟቹና ከፋዩ፣ በረድፍ በረድፍ፣ በየወሩ በየቀኑ።

ከራስጌው «ተ.ቁ.» ይላል። ተራ ቁጥር፤ ይሄ አይጠፋኝም።
ቀጥሎ ስም፣ ቀጥሎ ብር፤ እዚህም ችግር የለም።
ከዳር ላይ ግን፣ ከሁሉም ዳር፣ አንዲት ፊደል ብቻ፦
ተ.
ነጥቧ የዝንብ ጠብታ። ቁልፍ የላት፣ መፍቻ።

ዘነቡ እንድሪስ፣ ሰኔ፣ አምስት ብር፣ ተ.
ገባኝ አልኩ። ተከፈለ።
እብሬ አራጋው፣ ሐምሌ፣ ባዶ፣ ተ.
ባዶ ይከፈላል? ተቀጣ ይሆን? ተሰረዘ? ተዘለለ?
ሰይድ ጎበዜ፣ ነሐሴ፣ ተ.
ሰይድንስ አውቀዋለሁ፤ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ፤
ተቀበረ። በዚህች እንኳን እርግጠኛ ነኝ።
ገጹን ስገልጥ ግን ተ. በመስከረም፣ ተ. በጥቅምትም፤
ሰው ስንቴ ይቀበራል፣ እድርተኛ ቢሆንም?

ጠየቅሁ።
ሼህ ኑርዬ ጥቂት አስበው «ተወኩል ይሆናል» አሉ፤
መሪጌታ ዳምጤ ሰምተው «ተዝካር እንጂ!» ብለው ማሉ።
ደላላው ሽመልስ «ተበደረ» አለ፣ ሁሉን በራሱ ለክቶ፤
የፎቶ ኮፒዋ ልጅ፣ «ተ.እ.ታ ነዋ ጋሼ፣ ቀሪው ጠፍቶ»።

እትዬ ሐዋ ጋ ወጣሁ፣ ሚስታቸው ጋ፣ ሆጤ ዳገት።
የሟቹን ጃንጥላ ዘርግተው ሽቦውን ሲያቃኑ ደረስኩበት።
«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ፣ «የማውቀው ድምፁን ነው።
ሌሊት ተቀምጦ ሲጽፍ፣ ካንዱ ስም ላይ ሲደርስ፣
እስኪብርቶውን ያነሳል፣ አንዴ በረጅሙ ሲተነፍስ፣
‹ተወው› ይላል ለብቻው። ከዚያ ይጭራል አንዲት ነገር።
እኔም ስጨቀጭቀው ‹ተይው› ነው የሚለኝ፤ ታዲያ በምን ልመስክር?»

ማታ መብራት ሄዶ በስልኬ ብርሃን ገለጥኩት፣
እስከዛሬ እየዘለልኩ ያለፍኩትን ገጽ አየሁት፦
ሙህዬ ካሳው።
አባቴ።
በሚያዝያ ዘጠና፣ ከአሰብ ጨው ልጭን ብሎ የወጣ፣
መንገዱ ሲዘጋ እዚያው የቀረ፣ በደብዳቤ እንኳ ያልመጣ።
እናቴ አንድ ብር አልከፈለች፤ ምን ይዛ፣ ከየትስ አምጥታ?
ከስሙ ዳር ግን በየወሩ፣ ሃያ አምስት ዓመት፣ ያችው፦
ተ.
ተጓዘ? ተያዘ? ተሰወረ? ተረሳ?
ተወን?
ወይስ ተስፋ ናት፣ ግስ መሆን አቅቷት እጃቸው ላይ የሳሳች፣
እንደ ቀረች፣ በነጥብ ያረፈች?
የወሩን ሒሳብ ደመርኩት፤ ደገምኩት፣ በጣቴም ጭምር፤
አንዲት ሳንቲም አልጎደለም። ሁለት መቶ ሰባ ብር።
የሚቀጥለውንም ወር። የሚቀጥለውንም።
ባትሪው አለቀ። መዝገቡን አልከደንኩትም።

እሑድ ስብሰባ ላይ ፋጤ ያሲን ባዶ እጇን መጣች፤
ምክንያቷን ልትነግረኝ ጀምራ መሐል ላይ ዝም አለች።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ጋርዶታል፤
ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከኋላ ሰው ያጉረመርማል።
ከስሟ ዳር አንዲት ፊደል ጻፍኩ። «ምንድን ናት?» አላለችኝ።
ነጥቧን ማድረግ ረሳሁ፤ ቀጣዩ ሰው ጠራኝ።